ሊኑክስ ላይ ድምፅ ሲጠፋ የት ይፈለጋል?

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ከጥቂቶች በቀር አይቀበልም። ከውጭ የሚገባ ያገለገለ ላፕቶፕ ትምህርት ቤቱንም፣ ስቱዲዮውንም፣ ኢንተርኔት ካፌውንም በሚያንቀሳቅስበት አገር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። እነዚህን ማሽኖች በሥራ ላይ ለማቆየት ካሉት መንገዶች የተሻለው ሊኑክስን መጫን እንደሆነ አምናለሁ። ጭነቱ ራሱ ዛሬ ብዙ አያስቸግርም፤ ስክሪኑ ይበራል፣ ዋይፋዩ ይይዛል፣ አታሚውም ሳይነካ ይሠራል። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው። ቪዲዮ ይከፍታል፣ ድምፅ የለም። ወይም ድምፁ አለ፣ ማይኩ ግን አይሰማም። ወይም አርዱር የተባለውን የቀረጻ ፕሮግራም ጭኖ ክራር ሊቀዳ ሲሞክር የሚሰማው ከጣቱ ዘግይቶ ነው።

የድምፅ ብልሽት ከሌላው ብልሽት የሚለይበት ባሕርይ አለው፤ የትም ይበላሽ የት ምልክቱ ያው ዝምታ ነው። የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል የድምፅ ካርዱን ባያየው ዝም ይላል። ካርዱ ታይቶ ድምፁ ተዘግቶ ቢሆንም፣ ድምፁ ባልተከፈተ ቴሌቪዥን በኩል እየወጣ ቢሆንም፣ ፕሮግራሙ ፈቃድ ቢከለከልም ጆሮ የሚያገኘው ልዩነት የለም። በዚህ የተነሳ ባለ ችግሩ ያገኘውን መፍትሔ ሁሉ በየተራ ይሞክራል። ከመፍትሔዎቹ ብዙዎቹ የተጻፉት ዛሬ በማሽኑ ውስጥ ለሌለ ሥርዓት ስለሆነ በትንሽ ጥፋት ላይ ትልቅ ጥፋት ይጨመራል። የዚህ ዳሰሳ ሐሳብም ይኸው ነው፤ ሊኑክስ ላይ ድምፅ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚፈለገው የጠፋበት እርከን ነው፣ መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እርከኑ እንዴት በዛ?

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊንላንዳዊው ሃኑ ሳቮላይነን ለሳውንድ ብላስተር ካርድ የጻፈው ድራይቨር ኋላ ኦኤስኤስ ተብሎ የሊኑክስ የመጀመሪያው የድምፅ መሠረት ሆነ። በዚያን ጊዜ በአብዛኞቹ ካርዶች ላይ አንድ ፕሮግራም ካርዱን ከያዘው ሌላው እስኪለቀቅለት ይጠብቅ ነበር። በ1998 ቼኩ ያሮስላቭ ኪሴላ ግራቪስ አልትራሳውንድ ለተባለ ካርድ ይጽፈው ከነበረው ድራይቨር ተነስቶ አልሳን ጀመረ፤ አልሳም በዲሴምበር 2003 በወጣው ከርነል 2.6 ውስጥ ገብቶ የኦኤስኤስን ቦታ ወሰደ። እስከ ዛሬ ድረስ ከካርዱ ጋር በቀጥታ የሚነጋገረው አልሳ ነው። ከበላዩ ያለው ሁሉ ሲቀያየር እሱ ከቦታው አልተነሳም።

ከበላዩ ያለው ግን ብዙ ታሪክ አለው። የበርካታ ፕሮግራሞችን ድምፅ ቀላቅሎ ወደ አንድ ካርድ የሚያወርድ አገልጋይ ያስፈልግ ነበርና ጂኖምና ኬዲኢ የተባሉት ዴስክቶፖች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ይዘው ቆዩ። ሌናርት ፖተሪንግ በ2004 የጀመረው፣ ኋላ ፐልስኦዲዮ የተባለው ሥራ ይህን መከፋፈል ለማስቀረት የታሰበ ነበር። ከዲስትሮዎች፣ ማለትም ከሊኑክስ ስርጭቶች፣ ፌዶራ 8 በኖቬምበር 2007፣ ኡቡንቱ 8.04 በኤፕሪል 2008 ተቀበሉት። አቀባበሉ መራራ ሆነ፤ ድምፅ ተቆራረጠ፣ ፕሮግራሞች ተንጠለጠሉ፣ የብዙ ሰው ማሽን ዝም አለ። ጥፋቱ የፐልስኦዲዮ ብቻ አልነበረም። አዲሱ አገልጋይ ጊዜ የሚቆጥርበት መንገድ፣ ድራይቨሮቹ ለዓመታት ስለ ራሳቸው ሲሰጡት የነበረውን የተሳሳተ መረጃ ወደ አደባባይ አወጣው እንጂ ስሕተቱ ከድሮም ነበር። ተጠቃሚው ግን ያየው አዲሱን እንግዳ ነውና «ፐልስኦዲዮን አጥፋ» የሚለው ምክር የተወለደው ያኔ ነው። አገልጋዩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተስተካክሎ ከአሥር ዓመት በላይ በጸጥታ ሲያገለግል ምክሩ አብሮት አልተስተካከለም፤ ዛሬም እየተቀዳ ይዞራል።

በሌላ ጎን የሙዚቃ ሰዎች ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። አርዱርን የሚጽፈው ፖል ዴቪስ መዘግየትን እስከ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ የሚያወርድ፣ አንዱን ፕሮግራም ከሌላው ጋር እንደ ስቱዲዮ ገመድ የሚያገናኝ ጃክ የተባለ አገልጋይ ሠራ። ጃክ ድንቅ ሥራ ነው፤ ካርዱን ለብቻው ስለሚይዝ ግን ከፐልስኦዲዮ ጋር ማስማማት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ቆየ። አርዱር ሲከፈት የብራውዘሩ ድምፅ ይጠፋል፣ ብራውዘሩ ሲከፈት አርዱር ካርድ ያጣል።

ሁለቱን ያስታረቀው ፓይፕዋየር ነው። የሬድ ሃቱ ዊም ታይማንስ የጀመረው መጀመሪያ ለቪዲዮ ነበር፤ ኋላ ድምፁንም ጠቀለለው። ፓይፕዋየር ለፐልስኦዲዮ የተጻፉትንም ለጃክ የተጻፉትንም ፕሮግራሞች ሳይለወጡ ያስተናግዳል። ፌዶራ 34 በኤፕሪል 2021፣ ኡቡንቱ 22.10 በኦክቶበር 2022፣ ሊኑክስ ሚንት 22 በ2024 ነባሪ አደረጉት። በኖቬምበር 2023 ስሪት 1.0 ወጣ። እኔ እስከማየው ድረስ በሊኑክስ የድምፅ ታሪክ ውስጥ ለተራ ተጠቃሚም ለሙዚቀኛም እኩል የጠቀመ ለውጥ ይህ ብቻ ነው።

ማንኛውም ምክር ከመሞከሩ በፊት፣ ማሽኑ ላይ ያለው አገልጋይ የትኛው እንደሆነ መታወቅ አለበት። «ፓክቲኤል ኢንፎ» የተባለው ትዕዛዝ በተርሚናል ሲሰጥ የአገልጋዩን ስም ያወጣል። «ፐልስኦዲዮ» ብሎ አጠገቡ ፓይፕዋየርን ከስሪት ቁጥሩ ጋር ካስከተለ ማሽኑ በአዲሱ ሥርዓት ላይ ነው፤ ስለ ድሮው ፐልስኦዲዮ የተጻፈ የፋይል ማስተካከያ አብዛኛው አይሠራበትም። ይባስ ብሎ ፓኬጁን ማጥፋት አንዳንድ ጊዜ ዴስክቶፑን ራሱን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ፓኬጅ አስተዳዳሪው አብረው የሚነሱትን ዘርዝሮ ሲያሳይ ሳያነቡ «አዎ» ማለት አደገኛ ነው።

ከታች፦ ካርዱ ታይቷል ወይ?

አሁን ወደ ማሽኑ እንውረድ። በሴቲንግ ውስጥ የድምፅ መውጫው ዝርዝር «ደሚ አውትፑት» የሚል ብቻ ካሳየ አገልጋዩ የሚያወጣበት ካርድ አላገኘም ማለት ነው። «ኤፕሌይ» የተባለውን ትዕዛዝ ከዝርዝር አማራጩ ጋር መስጠት ከርነሉ ራሱ ምን ካርድ እንዳየ ይናገራል። እዚህ ላይ ካርዱ ከተዘረዘረ ችግሩ ከላይ ነው፤ ካልተዘረዘረ ከላይ የሚደረግ ማንኛውም ነገር ጊዜ ማባከን ነው። ይህች አንዲት ጥያቄ የሥራውን ግማሽ ትሠራለች።

እዚህ አካባቢ ብዙ ሰው የማይጠብቀው እውነት አለ፤ በድምፅ ነገር አሮጌው ላፕቶፕ ከአዲሱ ይቀላል። ኢንቴል በ2004 ባወጣው ኤችዲ ኦዲዮ በተባለ ደንብ የሚሠሩ፣ በአብዛኛው የሪልቴክ ቺፕ የያዙ ማሽኖች በከርነሉ በሚገባ ይታወቃሉ። ዊንዶውስ 11 ያባረራቸው ዴሎች፣ ኤችፒዎችና ሌኖቮዎች ብዙዎቹ በዚህ ውስጥ ናቸው። ከእነሱ ወዲህ የመጡት ግን፣ በተለይ ማይካቸው በቀጥታ ከኢንቴል ቺፕ ጋር የተያያዘባቸው ላፕቶፖች፣ ድምፁን የሚያስኬድ ትንሽ ፕሮሰሰር በውስጣቸው አላቸውና ለእሱ የሚጫን ፈርምዌር ይፈልጋሉ። ኢንቴል በ2018 ይፋ ያደረገው ሳውንድ ኦፕን ፈርምዌር፣ በአጭሩ ሶፍ፣ ለዚህ የተሠራ ነው። የሶፍ ፈርምዌር ፓኬጅ በዲስትሮው ውስጥ ካልተጫነ ካርዱ ሙሉ በሙሉ ሊሰወር ይችላል። ዴቢያን ከስሪት 12 ጀምሮ ነፃ ያልሆኑ ፈርምዌሮችን በጫኚው ውስጥ ማካተቱ ብዙ ሰው ከዚህ ጣጣ አድኗል።

ለዚህ ችግር የሚሰጥ አንድ ምክር አለ፤ ከርነሉ ሶፍን ትቶ በድሮው ድራይቨር እንዲሄድ ማስገደድ። ስፒከሩ በእርግጥም ይነሳል። የውስጥ ማይኩ ግን የሚሠራው በሶፍ በኩል ስለሆነ አብሮ ይጠፋል፤ ባለቤቱም ከሳምንታት በኋላ ስብሰባ ላይ ሲገባ ሌላ አዲስ ብልሽት የመጣ ይመስለዋል። ፈርምዌሩን መጫን ሲቻል ይህን መምረጥ ተገቢ አይደለም።

ከድሮዎቹ መካከል የሚያስቸግሩም አሉ። ቤይ ትሬይልና ቼሪ ትሬይል በተባሉ የኢንቴል አቶም ቺፖች የተሠሩ ትንንሽ ርካሽ ላፕቶፖችና ታብሌቶች የድምፅ አሠራራቸው ከኤችዲ ኦዲዮ የተለየ ነው፤ የየማሽኑን ሽቦ የሚገልጽ ፋይል ካልተገኘላቸው ካርዱ ታይቶም ዝም ይላል። በ2016 አካባቢና ከዚያ ወዲህ የወጡ አንዳንድ የአፕል ማክቡኮችም የሲረስ ሎጂክ ቺፕ ስላላቸው ከከርነሉ ውጭ የተጻፈ ድራይቨር ይጠይቃሉ። ለሊኑክስ ብሎ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ከሻጩ ፊት ሊያደርገው የሚገባ ነገር ቢኖር ፌዶራ ወይም ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ሰክቶ፣ ሳይጭን ከፍላሹ አስነስቶ፣ ስፒከሩንም ማይኩንም መሞከር ነው።

የፍላሹ ፈተና ለሌላም ይሆናል። በተጫነው ሲስተም ዝም ያለ ማሽን ከአዲስ ፍላሽ ሲነሳ ድምፅ ካወጣ ካርዱ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው አዲስ ከርነል ወይም ፈርምዌር ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስና ሊኑክስን በአንድ ማሽን የያዘ ሰው ደግሞ በዊንዶውስ በኩል ፋስት ስታርትአፕ የተባለውን ያጥፋ፤ ዊንዶውስ በእውነት ሳይዘጋ ካርዱን ግማሽ እንቅልፍ ላይ ትቶት ሊኑክስ ሲመጣ የማይነቃበት ጊዜ አለ።

ካርዱ ታይቶ፣ በኢርፎን ተሰምቶ፣ ስፒከሩ ብቻ ዝም ካለስ? ይህ ብዙ ጊዜ የአምራቹ ሥራ ነው። የሪልቴክ ቺፕ እግሮች ላይ ስፒከሩ የት፣ ማይኩ የት እንደሚገባ እያንዳንዱ አምራች በፈለገው መንገድ ያገናኛል፣ በባዮሱ ውስጥ የሚመዘግበውም ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። በከርነሉ ውስጥ የዚህ ማስተካከያ ረጅም ሰንጠረዥ አለ፤ በየሞዴሉ መለያ ቁጥር አንድ አንድ መስመር። የአንድ ሞዴል መስመር ካልገባ ያ ሞዴል በዓለም ዙሪያ ዝም ይላል፤ ሲገባ ሁሉም ቦታ ይናገራል። መስመሩ የሚገባው ደግሞ ማሽኑን የያዘ ሰው ሲያመለክት ነው። «አልሳ ኢንፎ» የተባለው ስክሪፕት የካርዱን ሙሉ ሁኔታ በአንድ ፋይል ያወጣል፤ የከርነል ሠሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቁትም ይህንኑ ነው።

መሐል ላይ፦ ድምፁ አለ፣ መንገዱ ተሳስቷል

ካርዱ ከታየ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ብዙ ጊዜ የመንገድ ስሕተት ነው። «አልሳሚክሰር» በተርሚናል ሲከፈት የካርዱን ቁልፎች በዓምድ በዓምድ ያሳያል። ከዓምዱ ሥር ድርብ ኤም ካለ ያ መስመር ተዘግቷል፤ የኤም ቁልፍን መጫን ይከፍተዋል። ብዙ ሰው የሚስተው ግን በኤፍ 6 ካርድ መምረጥን ነው፤ መጀመሪያ የሚታየው የአገልጋዩ አንድ ዓምድ ብቻ ነውና እውነተኛው ካርድ ሳይነካ ይቀራል። «ኦቶ ሚውት» የሚለው ምርጫም ይታይ፤ የኢርፎን መሰኪያው አርጅቶ ሁልጊዜ የተሰካ ከመሰለው ስፒከሩን ይዘጋዋል። ባገለገሉ ማሽኖች ላይ ይህ ብርቅ አይደለም።

ሁለተኛው የኤችዲኤምአይ ጉዳይ ነው። ስክሪን የሚያወጣው ቺፕ ራሱን የቻለ የድምፅ ካርድ ስለያዘ ሲስተሙ ሁለት ካርድ ያያል፣ ነባሪውም ማንም ወደማይሰማበት ስክሪን ሊዞር ይችላል። ፓቩኮንትሮል የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ለዚህ ሁሉ ከዴስክቶፑ ሴቲንግ የበለጠ ያሳያል፤ የትኛው ፕሮግራም ወደ የትኛው ካርድ እየላከ እንደሆነ፣ ድምፁ እየፈሰሰ መሆኑን በሚንቀሳቀስ መስመር፣ የካርዱም ፕሮፋይል ጠፍቶ እንደሆነ በመጨረሻው ገጹ። መስመሩ በትክክለኛው ካርድ ላይ እየተንቀሳቀሰ ጆሮ ካልሰማ ችግሩ ከአገልጋዩ በታች ነው። መስመሩ ካልተንቀሳቀሰ ከፕሮግራሙ በኩል ነው። እኔ ለአዲስ ተጠቃሚ አንድ ነገር ብቻ ጫን ብል ፓቩኮንትሮልን ነው።

አገልጋዩን በሚመለከት መታወቅ ያለበት ትልቁ ነገር የሚሠራው በተጠቃሚው ስም መሆኑ ነው፤ በሩት፣ በአስተዳዳሪው ስም፣ አይደለም። ፓይፕዋየር፣ የፐልስኦዲዮን ቦታ የሚይዝለት ክፍሉ፣ ካርዶችን የሚመርጠው ዋየርፕለምበር፣ ሦስቱም የተጠቃሚ ሰርቪሶች ናቸው። ስለዚህ «ሱዱ» እያስቀደሙ ማስነሳት አይደርስባቸውም፤ ፕሮግራምን በሩት መክፈትም አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ አልባ ያደርገዋል። ዋየርፕለምበር የድምፅ መጠንንና የመውጫ ምርጫን በተጠቃሚው ቤት ማኅደር፣ በተደበቀው ሎካል ፎልደር፣ ስቴት በሚለው ሥር ያስታውሳል። ይህ ማስታወሻ ሲበላሽ ብልሽቱ ሪስታርት ቢደረግም ይመለሳል። መለያው ቀላል ነው፤ አዲስ ተጠቃሚ ፈጥሮ በእሱ መግባት። እዚያ ድምፅ ካለ ጥፋቱ በፊተኛው ተጠቃሚ ፋይሎች ውስጥ ነውና የዋየርፕለምበርን የስቴት ፎልደር ማንሳት ይበቃል፤ ሲስተሙን እንደገና መጫን አያስፈልግም።

ብሉቱዝ ላይ አጭር ነገር ብቻ አለኝ። ሙዚቃ ጥርት ብሎ የሚሰማው ኤቱዲፒ በተባለ መንገድ ነው፤ ያ መንገድ ማይክ የለውም። ስብሰባ ሲጀመር ሄድሴቱ ወደ ስልክ መንገድ ይቀየርና ድምፁ በሰከንድ 8 ሺህ ወይም 16 ሺህ ናሙና ብቻ ይመጣል። «ሊኑክስ ብሉቱዜን አበላሸው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። የላፕቶፑን ማይክ መርጦ ሄድሴቱን ለመስማት ብቻ መተው ጉዳዩን ይዘጋዋል።

ፕሮግራሙን ከየት እንጫን?

የድምፅ ፕሮግራም ጭነት ሌላ የራሱ ዝምታ አለው። ኦዳሲቲ የተባለው የድምፅ መቅጃ ከዲስትሮው ፓኬጅ፣ በፍላትፓክ፣ በስናፕና በአፕኢሜጅ ይገኛል፤ አራቱ አንድ ዓይነት ባሕርይ የላቸውም። የዲስትሮው ፓኬጅ ከቀረው ሲስተም ጋር ስለተስማማ ከድምፅ አንጻር ችግር የሚያበዛ አይደለም፤ ስሪቱ ግን ሊያረጅ ይችላል። ፍላትፓክና ስናፕ ፕሮግራሙን በአጥር ውስጥ ያስኬዱታል፤ ስናፕ ማይክ ለመክፈት ለብቻ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። በፍላትፓክ የተጫነ የቀረጻ ፕሮግራም ደግሞ በሲስተሙ የተጫኑትን ፕለጊኖች አያይም፤ ፕለጊኖቹም ፍላትሃብ ከተባለው የፍላትፓክ ማከማቻ መምጣት አለባቸው። ከዚያም በላይ የመጀመሪያው ፍላትፓክ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት መሠረት ይዞ ይመጣል፤ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ ገንዘብ ነው። አፕኢሜጅ በአዳዲስ ኡቡንቱዎች ላይ ምንም ሳይል የማይከፈተው ፊዩዝ 2 የተባለው ላይብረሪ ከስሪት 22.04 ወዲህ ቀድሞ ስለማይጫን ነው። ለጀማሪ የምመክረው የዲስትሮውን ፓኬጅ ነው፤ ከእሱ የሚወጣው የሚፈልገው ነገር በዚያ ስሪት ውስጥ ከሌለ ብቻ ቢሆን።

ኦዳሲቲ ራሱ ተጠቃሚውን ግራ የሚያጋባበት ቦታ የመሣሪያ ምርጫው ነው። በአልሳ ሥር ረጅም የስም ዝርዝር ያወጣል፤ ካርዱን በቀጥታ የመረጠ ሰው ከአገልጋዩ ጋር ይጋጭና የስሕተት መልእክት ይገጥመዋል። «ፓይፕዋየር»፣ «ፐልስ» ወይም «ዲፎልት» የሚለውን መምረጥ ነው። ማይኩ ፕሮግራሙ ከተከፈተ በኋላ የተሰካ ከሆነ መሣሪያዎቹን እንደገና እንዲፈትሽ በሜኑው ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ አያየውም።

አርዱርን የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ የምንጭ ኮዱ ነፃ ነው፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ያዘጋጁት ጭነት ግን ይከፈልበታል፤ ዲስትሮዎች የራሳቸውን አዘጋጅተው በነፃ ያቀርባሉ። ሪፐርና ቢትዊግ የተባሉት የቀረጻ ፕሮግራሞችም የሊኑክስ ስሪት አላቸው። ለዊንዶውስ የተሠሩ ፕለጊኖችን ዋይንና ያብሪጅ በተባሉ ፕሮግራሞች ማስኬድ ይቻላል፤ ሆኖም የዋይን ስሪት በተለወጠ ቁጥር ሊናጋ የሚችል ሥራ ነውና ለደንበኛ ቀጠሮ በተያዘበት ስቱዲዮ አልደገፍበትም።

መዘግየት፣ ክራርና ቅኝት

ለቀረጻ ዋናው ቁጥር የበፈሩ፣ ድምፁ ከመተላለፉ በፊት የሚጠራቀምበት ቦታ፣ መጠን ነው። በሰከንድ 48,000 ናሙና ሲቀዳ 1024 ናሙና የሚይዝ በፈር ወደ 21 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፤ 256 ሲሆን 5.3፣ 128 ሲሆን 2.7 ያህል። ፓይፕዋየር መነሻው 1024 ነው፤ ለፊልም ይበቃል፣ ክራር እየመታ ራሱን በኢርፎን ለሚሰማ ሰው ግን መግቢያና መውጫው ሲደመር ጣቱን ያስረዋል። በፈሩ ሲቀንስ ማሽኑ ካልቻለ ድምፁ ይንጣጣል። ያን ጊዜ የሚታየው የተጠቃሚው ፈቃድ ነው፤ በብዙ ዲስትሮ ተጠቃሚው ኦዲዮ በተባለው ቡድን ውስጥ መግባትና ለድምፅ ፕሮግራሞች የቅድሚያ መብት መስጠት ያስፈልጋል። ድሮ ለዚህ ልዩ ከርነል ይፈለግ ነበር። ለሃያ ዓመት ያህል ከውጭ ሲለጠፍ የኖረው የሪል ታይም ማሻሻያ በኖቬምበር 2024 በወጣው ከርነል 6.12 ውስጥ በይፋ ገባ። ለአንድ ድምፃዊና ለአንድ ክራር ግን መደበኛው ከርነል ከመልካም ዩኤስቢ ካርድ ጋር ይበቃል። የዩኤስቢን የድምፅ ደንብ የሚያከብር ካርድ ሊኑክስ ላይ ድራይቨር አይጠይቅም፤ ሲገዛ መጠየቅ ያለበት ጥያቄም ይኸው ነው።

ሁለት የእኛ ጉዳዮች እዚህ ይነሳሉ። የመጀመሪያው የድምፅ ማጽጃ ነው። ለስብሰባ ተብሎ የሚከፈት የጫጫታ መቀነሻ የሰው ንግግርን ለይቶ ሌላውን ለመቁረጥ የተሠለጠነ ነው። በገና ሲቀዳ ክፍት ከቀረ በጅማቶቹ ሥር ካሉት የቆዳ ቁራጮች የሚወጣውን ንዝረት፣ የበገናን መልክ ራሱን፣ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያነሳዋል። አባቶች የደረደሩትን በገና ለትውልድ እቀዳለሁ የሚል ሰው ከመጀመሩ በፊት በአገልጋዩም በፕሮግራሙም የተከፈተ ማጽጃ አለመኖሩን ያረጋግጥ፤ ከቀረጻ በኋላ የተቆረጠውን መመለስ አይቻልም።

ሁለተኛው ቅኝት ነው። ኪቦርድ ተጫዋቾቻችን ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰልና ለአንቺሆዬ የየድምፁን ከፍታ በኪቦርዱ ውስጥ ያስተካክላሉ። ኪቦርዱ በሚዲ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ግን የሚሻገረው የተነካው ቁልፍ ቁጥርና የተነካበት ኃይል ነው፤ ማስተካከያው እዚያው ይቀራል። በኮምፒውተሩ ያለው የድምፅ ማመንጫ በእኩል የተከፋፈለውን የምዕራባውያን መለኪያ ያጫውታል፣ ተጫዋቹም ሶፍትዌሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ሰርጅ ኤክስቲና ዚንአድሰብኤፍኤክስ፣ ሁለቱም ነፃና በሊኑክስ የሚሠሩ፣ ስካላ የተባለውን የመለኪያ ፋይል ይቀበላሉ፤ ቅኝቱን አንዴ በዚያ ጽፎ ማስቀመጥ ይቻላል። ያ አድካሚ ከሆነ የኪቦርዱን ድምፅ ራሱን በገመድ ወደ ካርዱ ማስገባት ነው።

ድምፅ፣ ማየት ለተሳናቸው

እስካሁን የተነሳው ሁሉ ስክሪን ለሚያይ ሰው ነው። ማየት ለተሳነው ተጠቃሚ ድምፅ ማሽኑ ራሱ ነው፤ ድምፁ ከጠፋ ብልሽቱን የሚፈልግበት ፓቩኮንትሮልም፣ አልሳሚክሰርም፣ ሴቲንግም አብረው ይጠፋሉ። በሊኑክስ ስክሪኑን የሚያነበው ኦርካ ነው፤ ኦርካ ንግግሩን ለስፒች ዲስፓቸር ይሰጣል፣ እሱ ደግሞ እንደ ኢስፒክ ኤንጂ ላለ የንግግር ማመንጫ ያቀብላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ድምፁ ወደ ፓይፕዋየርና ወደ አልሳ የሚወርደው። ኢስፒክ ኤንጂ አማርኛ ያነባል። አነባበቡ የማሽን ነው፣ ሰው ሰው አይልም፤ ቢሆንም በፈቃደኞች የተሠራና ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድ እርከን ቢበጠስ የሚያሳውቅ የለም። ስለዚህ ማየት ከተሳነው ሰው ማሽን ላይ ሲሠራ ቅድሚያ የሚሰጠው ለነባሪው ካርድ ነው፤ ኤችዲኤምአዩ ከፓቩኮንትሮል ፕሮፋይሉ ይጥፋ፣ መውጫው ወደ ስፒከሩ ይተከል፣ ከማሻሻያ በኋላም ማሽኑ ከነመግቢያ ገጹ ይናገር እንደሆነ ባለሙያው ሳይሄድ ያረጋግጥ። ከርካሽ የዩኤስቢ ድምፅ ካርዶች አንዱን በመጠባበቂያ መያዝም ዋጋ አለው።

የዴቢያን ጫኚ ይህን ከሁሉም በተሻለ አስቦበታል። ማሽኑ ከፍላሹ ሲነሳ ጫኚው ዝግጁ መሆኑን በጩኸት ምልክት ያሳውቃል፤ የኤስ ቁልፍን ነክቶ ኢንተር ሲጫን ጭነቱ በንግግር ይጀምራል። በማሽኑ ላይ ከአንድ በላይ ካርድ ካለ በየካርዱ በተራ ይናገራል፣ ሰውየውም ድምፁን በሰማበት ጊዜ ኢንተር ይጫናል፤ ካርዱ ተመረጠ። የትኛው ካርድ፣ የትኛው ፕሮፋይል ብሎ የሚጠይቅ ዝርዝር የለም። ጂኖምም፣ ኬዲኢም፣ የሚንቱ ሲናመንም ይህን ዘዴ ወስደው በድምፅ ሴቲንጋቸው ውስጥ ሊያስገቡት ይገባል፤ የሚያስፈልገው ኮድ በዴቢያን ጫኚ ውስጥ በነፃ ተቀምጧል፣ የሚጠቅመውም ማየት ለተሳነው ብቻ አይደለም።